ለቀሚሱ ሲባል

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዋኢል እጮኛውን ራድዋን መጀመሪያ ያያት መሰላል ላይ ሆኖ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባሕሩ ዳር ባለው የስፖርት ክለብ የተበላሸ ማራገቢያ ሊጠግን ወጥቶ ሳለ፣ ከሥሩ አንዲት ልጅ ከባድ ብረት ከመሬት አንስታ ከራሷ በላይ ቀጥ አድርጋ አቆመችው።

«ልውረድና ላግዝሽ?» አላት፤ የሚለው ቢጠፋው።

«ይልቅ አንተ እንዳትወድቅ!»

ተሳሳቁ። ከዚያ ወዲያ ማራገቢያው ምን እንደነካው እንጃ፣ በየሳምንቱ ይበላሽ ጀመር።

ዋኢል ብረት ያሻከረውን መዳፏን እያገላበጠ ይስም ነበር። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ፣ ለመተጫጨታቸው ፋቲሓ ተቀርቶ ቀለበት ከታሰረ በኋላ አንገቱን ደፍቶ የመጣው።

«እናቴ የሰርጉን ቀሚስ ስትለኪ አይታሽ… ክንድሽ…»

«ክንዴ ምን ሆነ?»

«‹ልጄ የሚያገባው ሙሽራ ነው ወይስ የወደብ ኩሊ?› አለች። እስከ ሰርጉ ብቻ ብረቱን ተይው፣ ራድዬ። ለቀሚሱ ሲባል።»

ተናደደች፤ አለቀሰችም። ግን ትወደዋለች፣ ምን ታድርግ! ተወችው።

አሠልጣኟ ካፒቴን ሱሄር ይህን ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች። «አንቺ ሞኝ! ጡንቻ እኮ የሚጠነክረው ሸክም ሲጨመርበት ነው። ይደክማል፤ ትበያለሽ፣ ታርፊያለሽ፣ ከበፊቱ ወፍሮ ይነሳል። ሥራ የፈታውን ግን ሰውነትሽ በነጻ አይቀልበውም። ይከሳል።»

«ይክሳ እንጂ! እኔም የምፈልገው እሱኑ ነው።»

ከሳ። ቀሚሱ ክንዷ ላይ ሲላላ የዋኢል እናት ሐጃ ኢንሷፍ እልል አሉ።

ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው የሙሽራዋ ዕቃ በከበሮና በጭፈራ ወደ አዲሱ ቤት ተጓዘ። ሰፈሩ በየመስኮቱ ተደርድሮ ያያል። በጠባቡ ደረጃ ላይ ዋኢል የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ከታች ሲገፋ፣ ከላይ የሚጎትቱበት ገመድ ተበጠሰ። ማሽኑ ተንሸራቶ ቀኝ እጁን ከግድግዳው ጋር ያዘው።

ራድዋ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። ጎንበስ ብላ ያዘችው፤ እግሯን ተክላ ገፋችው። በፊት ቢሆን ይህ ለእሷ ማሟሟቂያ ነበር! ትንሽ ቀና አለላት።

«አውጣ! እጅህን አውጣ!»

ሳያወጣው ክንዷ ከዳት። ማሽኑ ተመልሶ ጣቶቹ ላይ ወደቀ።

«ትችይው ነበር እኮ!» ብሎ ጮኸ። «ምን ሆነሽ ነው?»

ከደረሱት ሰዎች ጋር ሆና ማሽኑን አነሳችለት።

ሆስፒታል ሐኪሙ ጣቶቹ ከእንግዲህ እንደ ድሮው ሽቦ እንደማይጠመዝዙ ነገራቸው። ዋኢል በደህና እጁ እጇን ይዞ አነባ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ወደ ብረትሽ ተመለሽ፣ ነፍሴ። ማንም አይከለክልሽም።»

«ለእናትህስ ትነግራቸዋለህ?»

«ዛሬውኑ!»

እንዴት ደስ አላት! ጎንበስ ብላ ግንባሩን ሳመችው።

በሩ ተከፈተና ሐጃ ኢንሷፍ ገቡ። ራድዋን ከላይ እስከ ታች ገላመጧት። «ያ ሁሉ ጉልበት ለልጄ ሲሆን የት ገባ?»

ራድዋ ዋኢልን አየችው። ጠበቀችው። እሱ ዓይኑን ወደ ፋሻው መለሰ።

«እማዬ፣ ውሃ ስጪኝ» አለ።

የሰርጉ ዕለት ወደ ግራ እጇ ሊሻገር የነበረውን ቀለበት ከቀኝ ጣቷ አወለቀችና ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችው። አሁንም ትወደዋለች። ወጥታ በኮሪደሩ ስትሄድ፣ እንዲጠራት ብላ እርምጃዋን አዘገየች።

አልጠራትም።