አረንጓዴው ገጽ

«ድንጋዩ ከመንገድ ነው የመጣው» ይሉ ነበር አከራዩ ኦቦ ወንዳፍራሽ፤ ለጎረቤት፣ ለፖሊስ፣ አስከሬኑን ለጫኑት ሰዎች ሳይቀር። ዘመኑ 2008 ነው፤ የአምቦ መንገድ በተቃውሞ ተዘግቷልና ቡራዩ ውስጥ ወሬውን የሚጠራጠር አልነበረም። ድረ ገጽ የሚሠራው ዮፍታሔ በተከራየው ክፍል ውስጥ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ተገኝቷል። መስኮቱ ተሰብሯል፤ ድንጋዩም አጠገቡ ወድቋል። ከሰልፈኞቹ ጋር የታየው ዛኪር ታስሯል፤ በማግስቱ ወደ ሩቅ እስር ቤት ሊጫን ነው።

ኢንስፔክተር በቀለች ወለሉን አየች። አንድም የመስታወት ስባሪ የለም። በመስኮቱ አንገቷን ብታወጣ፣ ስባሪው ሁሉ ውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው ጎመን ላይ ተበትኗል።

ቀጥሎ የዛኪርን እህት መብሩካን ጠራች። መብሩካ ኮድ መጻፍን ያለ አስተማሪ የለመደች፣ የዮፍታሔ የሥራ ባልደረባ ናት።

«ወንድምሽ ድንጋይ ወርውሯል?»

«ሰልፍ ወጥቷል፤ አልክድም። ቢወረውርስ እኔ የምሠራበት ቤት ላይ ነው እንዴ? ይህን ለማወቅ ኢንስፔክተር መሆን ያስፈልጋል?»

በቀለች ሳቋን ዋጠች።

ሥራቸው ከመሬታቸው የተነሱ ገበሬዎች የሚመዘገቡበት ድረ ገጽ ነበር። የሞባይል ኢንተርኔት ሲቆረጥ፣ እነሱ ቢዘጉ እኛ አንዘጋም ብለው ዳታቤዙንም ፕሮግራሙንም በዮፍታሔ ክፍል ባለው ኮምፒውተር ላይ ጭነው ቀጠሉ። ዮፍታሔ በሞተበት ቀን ጠዋት ሰማያዊውን የፊት ገጽ አረንጓዴ አድርጋ ወደ ቤቷ የሄደችው መብሩካ ነች። የዳታቤዙ ቅጂ ያለበት ፍላሽ ግን ከዚያ ወዲህ ጠፍቷል።

ሦስተኛው ሸሪክ ባርናባስ ደንበኛ አፈላላጊ ነው። ከሞቱ ዋዜማ ጀምሮ ሱሉልታ ነበርኩ፣ የሆቴሉ ኢንተርኔት አልተቆረጠም አለ።

«ከሰዓት በኋላ ገጹን ከፍቼ አየሁት። አረንጓዴ ሆኗል። ልጁ በሕይወት እየሠራ ነበር ማለት ነው፣ እኔ ሱሉልታ ሆኜ።»

በቀለች ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች።

«መስታወቱ የወደቀው ወደ ውጭ ነው። መስኮቱን የሰበረው ሰው ውስጥ ነበር፤ ዛኪር ደግሞ መንገድ ላይ በሕዝብ ፊት። ኦቦ ወንዳፍራሽ፣ የድንጋዩን ነገር መጀመሪያ ከማን ሰሙ?»

አዛውንቱ አንገታቸውን ደፉ። ባርናባስ ደውሎ፣ ልጆቹ ድንጋይ እየወረወሩ ነው አሉ፣ ዮፍታሔን እዩልኝ ብሏቸው ነበር።

«መብሩካ፣ አረንጓዴውን ገጽ ከሱሉልታ ማየት ይቻላል?»

«እንኳን ከሱሉልታ፣ ከዚህ በር ላይ ሆኖም አይቻልም። ከማሽኑ አልወጣማ። ያየው ሰው ከዮፍታሔ ጀርባ ቆሞ ነው ያየው።»

ባርናባስ ድረ ገጽ ሲሸጥ እንጂ ሲሠራ አይቶ አያውቅም፤ ኮምፒውተር ላይ የታየ ገጽ ሁሉ ለዓለም የወጣ ይመስለው ነበር። ፍላሹ ከካልሲው ውስጥ ወጣ። የተመዝጋቢዎቹን ስም የሚፈልጉ ሰዎች ባርናባስን ልከውት ነበር።

«ስጠኝ ብዬ ለመንኩት» አለ። «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አንድ ስም አታገኝም አለኝ።»

ዛኪር የዚያኑ ቀን ተፈታ። ስሞቹ ለማንም እንዳልተላለፉ ነግራ በቀለች ልታጽናናት ብትሞክር፣ መብሩካ ራሷን ነቀነቀች።

«የሚተላለፍ ስም የለበትም። ገና መሞከሪያ ነው። የሞላነው የሰፈሩን ውሾች ስም ነው።»

«ዮፍታሔ ይህን ያውቅ ነበር?»

«አብረን እየሳቅን ነው የሞላነው።»