እምቢበል ያልጮኸበት ንጋት

በጉንደራስ መንግሥት ንጋትን የሚያበሥረው ዶሮ ሳይሆን ውሻ ነበር። ከጨለማው ሸለቆ የሚወጡት ጽልመታን የሚባሉ አራዊት ጦርም ሰይፍም አይፈሩም፤ የሚያስደነግጣቸው የበር ጠባቂ ውሾች ጩኸት ብቻ ነው። ስለዚህ የውሾቹ አለቃ እምቢበል ሳይጮኽ የነጋ ዕለት ንጉሥ አድማሱ ከዙፋናቸው ተነሥተው ቆሙ።

እምቢበልን ከቡችላነቱ ያሳደገችው ወጣቷ ምዕላድ ናት። የእግሩ ቁስል መግሎ ሸቷል፤ ሌሎቹም ውሾች በዚያው ደዌ እየወደቁ ነው። ወርቃማውን ቅባት ቀቡት፤ ደግመው ቀቡት። ድሮ ሞት አፋፍ የደረሰን ውሻ በአንድ አዳር የሚያስነሣው ቅባት እንደ ውኃ ሆነ።

«ጥፋቱ የማን ነው?» አሉ ንጉሡ።

«የሁላችን ነው፣ ጃንሆይ» አሉ ቅባት አንጣሪዋ እሜቴ ውዳላት፤ እርጅና ምላሳቸውን አላለዘበውም። «ለበዓል እንቀባለን፣ ለሠርግ እንቀባለን፣ ጎረቤት ቀባ ብለን እንቀባለን። ጤነኛውን ውሻ በመድኃኒት ስናሽሞነሙን መግሉ ቅባቱን ለመደው። ዛሬ ይስቅበታል!»

እውነታቸውን ነበር። በጉንደራስ ውሻውን ሳይቀባ አደባባይ የወጣ ሰው ንፉግ ይባላል። ለክብር ሲሉ መድኃኒታቸውን አረከሱት፤ እኔም እዚያ ብኖር ስም ፈርቼ መቀባቴ አይቀርም።

ደዌው እንዳይዛመት የታመመ ውሻ ይገደል ይላል ሕጉ። ንጉሡ ሊያዝዙ ሲሉ ምዕላድ ከእግራቸው ሥር ወደቀች።

«ጃንሆይ! የጥንቱ ትንቢት ‹በላተኛ ከሚበላው አይርቅም› ይላል። መግልን የሚበሉ፣ ዓይን የማያያቸው ረቂቃን አሉ። የውሾቻችን እጣቢ ሁሉ ከሚወርድበት ከእድፍ ሐይቅ ፈልጌ ባላመጣቸው የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!»

«ሂጂ፤ አዲስ ጨረቃ እስክትወጣ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ» አሏት፤ ጦር አንጋቹን አጥናፍንም አስከተሏት።

እያንዳንዱ መግል የራሱ በላተኛ ስላለው እምቢበልን በቃሬዛ ተሸክመውት ሄዱ። አጥናፍ ለጠላት የማይበገር፣ ለሽታ ግን ወዲያው የሚሸነፍ ጀግና ነበር። «የጠሉት ይወርሳል!» እያለ፣ አፍንጫውን በነጠላው ጠቅልሎ ሐይቁ ዳር ደረሰ።

ምዕላድ የአጥንት መረቅ በሸክላ ሳህኖች ላይ አርግታ የእምቢበልን መግል ቀባችባቸው፤ ከዚያም የሐይቁን ውኃ ጠብ አደረገችባቸው። በማግሥቱ ሳህኖቹ በመግል ደፈረሱ፤ መግሉን የበላው የለም። ከሌላ ዳርቻ ቀዳች፤ አሁንም ደፈረሱ። እምቢበል መብላት አቆመ።

«አንቺ ልጅ፣ ይብቃሽ» አለ አጥናፍ። «በሰላም ይረፍ።»

«እሱ እምቢ እያለ እኔ እሺ ልበል?»

ማንም ሊቀርበው ከማይደፍረው፣ የውሻ ቤቶቹ ቦይ ከሚፈስበት ጥግ እስከ ወገቧ ገብታ ቀዳች። በማግሥቱ በአንዱ ሳህን ድፍርስ ላይ የወንፊት ቀዳዳ የመሰሉ ጥርት ያሉ ነጥቦች ተከፍተው አየች።

«በልተውታል! አጥናፍ፣ በልተውታል!»

ከነጥቦቹ ጨልፋ ረቂቃኑን በመረቅ አራባቻቸው፤ ቀዳዳው በማይታይ ሸክላ አጥልላም ቁስሉ ላይ አፈሰሰች። ትኩሳቱ በረደ። ጥቂት ቆይቶ እምቢበል በአራት እግሩ ቆሞ የአጥናፍን ፊት ላሰ፤ ጦር አንጋቹም ነጠላውን ከአፍንጫው ፈትቶ አቀፈው።

ረቂቃኑ ያሉበትን ውኃ በገንቦ ተሸክመው ሲመለሱ ግን ጽልመታን የከተማውን በር ከበው አገኟቸው። ከውስጥ አንድም ውሻ አይጮኽም። እምቢበል ገመዱን እየጎተተ ምዕላድን ቀና ብሎ አያት። ብትለቀው ብቻውን ከመንጋው ጋር ሊጋጠም ነው፤ ብትይዘው ደግሞ ገንቦው ከበሩ አይደርስም።

«ሂድ፣ ልጄ» አለችና ለቀቀችው።

ጩኸቱ ሸለቆውን አናወጠው። ጽልመታን እርስ በርስ እየተረጋገጡ ሸሹ፤ የመጨረሻው ግን ሲሸሽ የእምቢበልን አንገት ነክሶ ጣለው። አጥናፍ ገንቦውን በበሩ አስገባ። ምዕላድ እምቢበልን አቅፋ አለቀሰች። ለቀብር ስታጥበው የእግሩ ቁስል ገጥሞ፣ ጠጉር ማብቀል ጀምሮ ነበር።

በገንቦው ውኃ የታጠቡት ውሾች ዳኑ። የመዳናቸው በዓል በተከበረ ዕለት ሕዝቡ ቅባት ይዞ ሲመጣ እሜቴ ውዳላት በሩ ላይ ቆመው «ጤነኛ ውሻ የሚሻው በእጅ መዳበስ ነው» እያሉ መለሱት።

በማግሥቱ ውሾቹ ንጋትን አበሠሩ። ምዕላድ ከጩኸቱ መካከል የአንዱን ድምፅ ስትፈልግ ቆየች። ያን ጊዜ እምቢበል የወለደው ትንሽ ቡችላ ከእግሯ ሥር ጮኸ፤ ድምፁ ገና ቀጭን ነበር።