ሮዳስ የለመነችው ምልክት

ከብት በቀንዱ፣ ሰው በአንደበቱ ይያዛል ይባላል። ሮዳስ ላጲሶ የተያዘችው በአንዲት ቃል ነው፤ «ልጸልይበት» ባለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤተ ክርስቲያኗ የመዘምራን መሪ ወንድም ተስፋጽዮን አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ጠብቆ፣ «እህት ሮዳስ፣ የትዳር ጓደኛዬ እንድትሆኚ እግዚአብሔር አንቺን አሳይቶኛል» አላት። እንግዲህ ምን ትበል? «አልወድህም» እንዳትል ሰውዬው የሚጠላ አይደለም፤ ትሑት ነው፣ ሥራ አለው፣ ሲዘምር ምእመኑን ያስለቅሳል። «አይሆንም» እንዳትል ደግሞ ጌታ ተናገረኝ ያለን ሰው እምቢ ማለት ከጌታ ጋር ሙግት መግጠም መሰላት። ስለዚህ እንደ ልማዱ «ልጸልይበት» ብላ አመለጠች። ያመለጠች መሰላት እንጂ አላመለጠችም።

በእነሱ ዘንድ ይህች ቃል ከተባለች ነገሩ የሚያልቀው በሁለት መንገድ ብቻ ነው። ወይ «ጸለይኩ፣ ሰላም አገኘሁ» ተብሎ ቀለበት ይታሰራል፣ ወይ «ጸለይኩ፣ ሰላም አላገኘሁም» ተብሎ በሰላም መለያየት ነው። በሁለቱም መልሱ የጌታ ነው፤ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ ልጅቷን የሚጠይቅ የለም። እናቷ ከወዲሁ የሳሎኑን መጋረጃ ለወጡ። ቦሌ አራብሳ የብሎካቸው ሴቶች ደረጃ ላይ ሲያገኟት ፈገግ ይሉባታል። እሷ ግን በምትሠራበት የአውሮፕላን ማረፊያ ካርጎ፣ ወደ ውጭ በሚላኩ የጽጌረዳ ካርቶኖች ላይ የተሳሳተ አገር መለጠፍ ጀመረች። የሆላንዱን ዱባይ፣ የዱባዩን ሆላንድ ስትል አለቃዋ፣ «እባክሽ የዓመት ዕረፍትሽን ውሰጂ» አላት።

ወሰደች። ሄዳም ከሰንዳፋ አለፍ ብላ ባለች ጨፌ ወይራ በምትባል መንደር ገባች። እዚያ የእናቷ አክስት እማማ አዝመራ የአንድ የጥንት ደጃዝማች ግቢ ይጠብቃሉ። ወራሾቹ ከተማ ገብተው ቀርተዋል። ግቢው ውስጥ የድንጋይ ቤቶች አሉ፤ ቆርቆሯቸው ዝጓል፣ በረንዳቸው እንጨት ላይ ግን የወይን ሐረግ የቀረጸው ሰው እጁ ይባረክ ያሰኛል። ከቤቶቹ ጀርባ እስከ ወንዙ ድረስ ኮክ፣ ፕሪምና ትርንጎ ነው። ዛፎቹ ከማርጀታቸው የተነሣ ቅርንጫፎቻቸው በባላ ተደግፈዋል። ኔትወርክ የለም። ሮዳስ የፈለገችውም ይህንን ነበር፤ ማንም ሳይደውልላት ጸልያ መልስ ይዛ ልትመለስ።

ገና ግቢው በር ላይ ስትደርስ የሰኔ ዝናብ ወረደባት። ሮጣ ትልቁ ቤት በረንዳ ላይ ወጣች። ወዲያው አንድ ወጣት ኮክ የሞላ ባልዲ እንደያዘ ከዛፎቹ መሃል እየሮጠ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። የሁለቱም ጸጉር ይንጠባጠባል።

«ዘበኛው ነህ?» አለችው።

«አይደለሁም። አንቺ ጎብኚ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ሁለታችንም ምንም አይደለንም» አለና ባልዲውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

ስሙ አብዲሳ ነው። የካ አባዶ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። አያቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የዚህ ግቢ አትክልተኛ ነበሩና እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ትምህርት ሲዘጋ እየመጣ ኮክ ይለቅማል።

«እኔ ቦሌ አራብሳ ነኝ» አለችው።

«መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ጎን ለጎን ቆመን ይሆናላ።»

«ብንቆምስ ማን ማንን ያያል? እዚያ ሰው የሚያየው ታክሲ ነው።»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑን ይጨፍናል። ሮዳስ ይህን ማየት አልነበረባትም፤ ለጸሎት የመጣች ልጅ ናት። አየችው ግን።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ጸጥ ያሉ ነበሩ። ጠዋት መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ከትርንጎው ሥር ትቀመጣለች፤ ምዕራፍ ሳትጨርስ የባልዲ ኮሽታ ይሰማታል፤ ቀና ትላለች። ከሰዓት አብዲሳ የተዘጉትን ቤቶች እየከፈተ ያሳያታል። አንዱ ክፍል ግድግዳው በጥንት ጋዜጣ ተለጥፏል። ሌላው ውስጥ ወንጭፍ ጭራ የሚባሉት ወፎች ጎጆ ሠርተዋል፤ በሩ ሲከፈት በሁለቱ ራስ ላይ እየተሽቀዳደሙ ይወጣሉ። ሮዳስና አብዲሳ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ወፎቹ እስኪመለሱ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ዝናብ ሲመጣ ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላትና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እማማ አዝመራ ሁሉን ከኩሽና መስኮት ያያሉ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» አሏት አንድ ማታ ራት ላይ፣ እንደየማታው ኮክ በሰሃን እያቀረቡላት።

«እማማ፣ ምን ማለትዎ ነው?»

«ስለ ዛፎቹ ነው የማወራው። አንቺ ስለ ምን መሰለሽ?»

ሮዳስ ጉንጯ ጋለ። ያን ሌሊት ግራ የገባው ልቧ አላስተኛትም። ተስፋጽዮንን ስታስብ ጥሩ ሰው ነው ትላለች። አብዲሳን ስታስብ ግን ምንም አትልም፤ ዝም ብላ ታስበዋለች። ይህ ከማን ነው? ከጌታ ነው? ከሥጋ ነው? ከኮኩ ሽታ ነው?

ሲነጋ የአብርሃም ሎሌ ትዝ አላት። ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ ሄዶ፣ ውሃ የምታጠጣኝ ልጅ እርሷ ትሁን ብሎ ምልክት የለመነው። ተንበረከከች። «ጌታ ሆይ፣ እኔም እለምንሃለሁ። ሳልጠይቀው በእጁ ፍሬ የሚሰጠኝ ሰው፣ ባሌ እርሱ ይሁን» አለች።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ተስፋጽዮን ያለው ከተማ ነው። ፍሬ ሲለቅም የሚውለው ማን እንደሆነ ደግሞ ሮዳስ አሳምራ ታውቃለች። ይህ ምልክት መለመን ሳይሆን ፈተና ላይ መኮረጅ ነው። ጌታም ሳይታዘባት አልቀረም።

ከጸሎቷ እንደተነሣች ጸጉሯን አበጥራ በቀጥታ አብዲሳ መሰላል ወዳቆመበት ዛፍ ሥር ሄደች።

«ይህኛው በጣም ቀልቷል» አለች አንገቷን አስግጋ።

«ቀልቷል» አለና ለቀመው፤ ባልዲው ውስጥ ጨመረው።

«ይጣፍጣል?»

«በፀሐይ መውጫ በኩል ያለው በጣም ይጣፍጣል።» ያንንም ለቀመ፤ ጨመረ።

«እኔ ቁርስ አልበላሁም» አለች ሮዳስ። ይህችኛዋ እንኳ ልመና ለመሆን ትንሽ ነበር የቀራት።

አብዲሳ ቁልቁል አያት። ረጅም ጊዜ አያት። በእጁ ቀይ ኮክ ይዟል። ከዚያ ኮኩን ቀስ አድርጎ ባልዲው ውስጥ አስቀመጠና፣ «እማማ ቁርስ አቅርበው ይሆናል፤ ሂጂ ብዪ» አላት።

በዝናብ ጃኬቱን ያለበሳት ሰው ዛሬ አንዲት ፍሬ ነፈጋት። ሮዳስ የምትሄድበት ጠፍቷት ቆማ ሳለች ከግቢው በር የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

ተስፋጽዮን ነበር። በሱፍ ልብሱ፣ በተወለወለ ጫማው ጭቃውን እየዘለለ መጣ። «ጌታ ይባርክሽ እህት ሮዳስ። መንገዱን የነገሩኝ እናትሽ ናቸው፤ ስልክሽ አልሠራ ቢለኝ ሰጋሁ» አለ። በእጁ ቦሌ ከሚገኝ ሱፐርማርኬት የገዛው ፖም በፌስታል ይዟል። ሰው ወደ ፍሬ አገር ፍሬ ጭኖ ይመጣል? መጣ። አንዱን አወጣ፣ በመሐረቡ ወለወለ፣ እሷ ሰላም እንኳ ሳትለው፣ «እንኪ፣ ለመንገድ ስገዛ አንቺን አሰብኩ» ብሎ መዳፏ ላይ አኖረው።

ሮዳስ ፖሙን አየችው። ሳልጠይቀው። በእጁ። ፍሬ።

አብዲሳ ከመሰላሉ ወርዶ እንግዳውን በአክብሮት ጨበጠና ባልዲውን አንሥቶ ሄደ። ወደ ኋላው አልዞረም።

«አንዴ ይቅርታ» ብላ ሮዳስ ወደ ኩሽና ሮጠች። እማማ አዝመራ ኮክ እየለዩ ነበር፤ የተጎዳውን ወዲያ፣ ደህናውን ወዲህ። አጠገባቸው ዱካ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ምልክቱ መጣ ነው የምትዪኝ?» አሏት።

«መጣ።»

«ታዲያ ምልክት የመጣለት ሰው እንዲህ ያለቅሳል?»

ሮዳስ ፖሙን ከኮኮቹ አጠገብ አስቀመጠችው።

«እኔ የእናንተን ሥርዓት አላውቅም፤ እኔ የማርያም ነኝ» አሉ እማማ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፓስተራችሁ ሲያጋባ፣ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ፣ ‹ፈቅደሽ ነው ወይ?› ብሎ የሚጠይቀው ማንን ነው?»

«ሙሽራዋን።»

«ያን ቀን ከተጠየቅሽ ዛሬ ለምን አትጠየቂም? እግዜር አፍ የሰጠሽ ለጎመን ብቻ ነው?»

ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች። ተስፋጽዮን በረንዳው ላይ ተቀምጦ እየጠበቃት ነበር። ፊቷን ሲያይ ፈገግታው ደበዘዘ።

«ጸለይሽ?» አላት።

«ጸለይኩ።»

«ሰላም አላገኘሽም መሰለኝ» አለ በለሆሳስ።

የማምለጫውን በር ራሱ ከፈተላት። «አዎ፣ አላገኘሁም» ብትል በቃ አለቀ፤ ማንም አይቀየማትም፣ እናቷም «የጌታ ፈቃድ ካልሆነ ምን ይደረግ» ብለው ይተዋሉ። ሮዳስ ይህን ሁሉ ታውቃለች። አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«ምልክት ለምኜ ነበር» አለች። «ምልክቱም ለአንተ ወጣ።»

ፊቱ በራ።

«እኔ ግን እሺ አልልም፤ ተስፋጽዮን።»

ግራ ገባው። «ጌታ ነው ያለሽ?»

«አይደለም። እኔ ነኝ። ልቤ ሌላ ጋ ነው። በጌታ ላይ አላሳብብም።»

መሐረቡን አጠፈ፤ ዘረጋ፤ እንደገና አጠፈ። በረንዳው ላይ የዝናቡ ትራፊ ጠብ ጠብ ይላል። ሊቆጣት ይሆናል ብላ ጠበቀች፤ አልተቆጣም።

«ከአንቺ በፊት አንዲት እህት ነበረች» አለ በመጨረሻ። «‹ጸለይኩ፣ ሰላም አላገኘሁም› ብላኝ ሄደች። በኋላ ሌላ አገባች። እኔ እሷን አልተቀየምኩም፤ የተቀየምኩት ጌታን ነው። መድረክ ላይ ቆሜ እየዘመርኩለት እንኳ ለምን ከለከልከኝ እለው ነበር።» መሐረቡን ኪሱ ከተተ። «ሰውን መቀየም ይሻላል። ሰውን ይቅር ማለት እችላለሁ።»

ሮዳስ ለእሱ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን እስከዚያች ደቂቃ አላወቀችም ነበር፤ ቢሆንም መልሷን አልለወጠችም።

እማማ «ቁርስ ሳትቀምስማ አትሄድም» ብለው ቢለምኑት በትሕትና ተሰናበተ። ግን ማን ያስወጣዋል? ጎማው በር ላይ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሞተሩ ጮኸ፣ ጎማው ዞረ፣ መኪናው ግን አልንቀሳቀስ አለ። ያን ጊዜ አብዲሳ ከዛፎቹ መሃል ወጥቶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ከኋላ ሆኖ ትከሻውን ሰጠ። መኪናው ተስፈንጥሮ ሲወጣ ጭቃው ሁሉ አብዲሳ ላይ ቀረ።

ሮዳስ ወደ እሱ ሄደች። ከቅንድቡ እስከ እግሩ ጭቃ ነው።

«ብቻውን ሄደ?» አላት መንገዱን እያየ።

«እምቢ አልኩት።»

ፊቱን ሊጠርግ እጁን አነሣ፤ እጁ ከፊቱ ይብስ ነበርና ተወው።

«እማማ አዝመራ የመጣሽ ቀን ነግረውኛል» አለ ቆይቶ። «‹ልጅቷ ለአንድ ሰው መልስ ልትሰጥ ነው የመጣችው› ብለው። መልስ በምታስብ ልጅ መሃል መግባት ነውር መሰለኝ። ዝም አልኩ።»

«ጠዋት ለምን አንዲት ኮክ አልሰጠኸኝም?»

በጣም ተገረመ። «ለቃሚ እኮ አያድልም። የግቢው ደንብ ነው፤ አያቴም አንድ ቀን አፍርሰውት አያውቁም። የሚያድሉት እማማ ናቸው።» ከዚያ አቀርቅሮ፣ «ማታ ማታ በሰሃን የሚያቀርቡልሽን ግን የምመርጠው እኔ ነኝ። ደህና ደህናውን ለብቻ አስቀምጬ፣ ይህ የሮዳስ ነው እላቸዋለሁ» አለ።

እና እሷ ያንን ኮክ በየማታው እየበላች፣ ሲነጋ ምልክት ትለምን ነበር። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣባት።

«አብዲሳ፣ ግራ ገብቶኛል» አለች። «እናቴን ምን እንደምላት አላውቅም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደምገባ አላውቅም። የለመንኩትን ምልክት ሰጥቶኝ እምቢ ስላልኩ ጌታ ይቆጣኝ አይቆጣኝ አላውቅም። አንተን እንደምወድህ ግን አውቃለሁ። ይህንን ማንም አልነገረኝም።»

አብዲሳ ቆሞ ቀረ። ሊይዛት ፈልጎ እጆቹን ወደ ኋላው ደበቀ።

«እኔም ከዚያ ከዝናቡ ቀን ጀምሮ...» አለና ሳይጨርሰው ቀረ።

ሮዳስ ከጀርባው እጁን ስባ ያዘችው።

«ልብስሽ ይበላሻል» አላት።

«ይበላሽ» አለች፤ እጁንም አልለቀቀችም።