ቀጭኑ ፉጨት

ሬሳው በጣና ዳር ደንገል ውስጥ በጀርባው ተጋድሟል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል፤ ደሙ አንገቱ ላይ ጠቁሮ ደርቋል። ያገኙት ሁለት ዓሣ አጥማጆች ግን ከደሙ ይልቅ የፈሩት ድምፁን ነበር። ከሟቹ ግራ ጆሮ እንደ ትንኝ ያለ ቀጭን ፉጨት ሳያቋርጥ ይወጣል።

ኢንስፔክተር ሰብለ ወንጌል ጎንበስ ብላ አዳመጠች። የሚያፏጨው ጆሮው ላይ የተሰካ የመስሚያ መሣሪያ ነው፤ ስታወጣው ጫፉ በወጉ አልገባም ነበር።

ሟቹ አቶ አስናቀ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ጨርሰው ጡረታ የወጡ ናቸው። ቤታቸው ከደንገሉ ጀርባ ነው። ከጓሮ በራቸው ጀምሮ እስከ ሬሳው ድረስ ሣሩ ተጎትቶ ተኝቷል። በጓሮው ቧንቧ አጠገብ ያለው ሲሚንቶ ታጥቧል፤ ግንቡ ላይ ግን የደም ፍንጣቂ ቀርቷል።

«ሲንሸራሸሩ ወንበዴ አግኝቷቸው ይሆናል» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

«በባዶ ገላው ላይ ኮት ደርቦ የሚንሸራሸር ሰው አይተህ ታውቃለህ? ሌላ ሰው ነው ያለበሳቸው።»

ቤቱን የሚያዘወትሩት ጥቂት ናቸው፤ ልጃቸው ሀኒ፣ ባሏ ምናሴ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም አካሉ። የአካሉ ሚስት ወለተ ሩፋኤል ደግሞ ባሏ እጇን ሰብሯት አቶ አስናቀ ዘንድ ከተጠጋች ሰንብታለች።

ሰብለ መጀመሪያ ሀኒን አነጋገረች።

«አባቴ ግራ ጆሮው ፈጽሞ አይሰማም» አለች ሀኒ፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «በልጅነቱ መግል ይዞት ነው የጠፋው። ቀኙን ደግሞ የሽመና መኪና ጩኸት በላው። መሣሪያው የቀኙ ነው፤ ጫፉ በቀኝ ጆሮው ልክ የተቀረጸ ነው።»

«ግራው ላይ ቢደረግስ?»

«አይገጥምም። ድምፁ በክፍተቱ እየወጣ ተመልሶ ይገባና ያፏጫል። እሱ ፉጨቱን አይሰማውም ነበር፤ እኔ ነበርሁ የምነግረው። የመኪና ጩኸት መጀመሪያ የሚያጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው ብሎናል ሐኪሙ። ወፍራሙ ይቀራል። ስለዚህ እንዲህ የሆነ ሰው ሌሎቹ ያጉተመትማሉ ይላል እንጂ ጆሮዬ ደከመ አይልም።»

ምናሴ በሹም አቦ ሰፈር የሚኖር የኮሌጅ መምህር ነው። ትናንት ወደ ማምሻው ላይ በአማቱ ላይ ሲጮህ ጎረቤት ሰምቶታል።

«ጮኼያለሁ» አለ። «ገላቸውን ሊታጠቡ መሣሪያውን አውልቀው ነበር፤ ውኃ ከነካው ይበላሻል። ያለ እሱ ካልጮኹ አይሰሙም። ሽማግሌዎች ወለተ ሩፋኤልን ከባሏ ሊያስታርቁ ይመጣሉ ብዬ ነገርኋቸው።»

«ምን አሉ?»

«‹እጇን ለሰበረ ሰው መልሼ አልሰጣትም› አሉ። ከዚያ ትቻቸው ወጣሁ።»

ወለተ ሩፋኤል ክንዷ በጀሶ እንደታሰረ ነበር። «ለሰርክ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ሀኒ ዘንድ ሄደው ይሆናል ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ዘነዘናው ከጓሮ የለም።»

አካሉን ሰባታሚት በተባለው ሰፈር ባለው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አገኘችው። ወፍጮው ያጓራል። አካሉ ሲያናግራት ዓይኑን ከከንፈሯ አልነቀለም።

«ትናንት ከዚህ ንቅንቅ አላልሁም» አላት።

ከጆንያው ላይ ስልኩ ጮኸ። ወፍጮው ቢያጓራም ሰብለ ሰማችው። አካሉ ግን አንዲት አስፈጪ አንሥታ እስክትሰጠው ድረስ ዞር አላለም። ሴትዮዋን ሰብለ በር ላይ ጠየቀቻት። ትናንት ከቀትር በኋላ መብራት ጠፍቶ ወፍጮ ቤቱ ተዘግቶ ነበር።

ከቀብር መልስ ሁሉንም በአቶ አስናቀ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ከአካሉ ወንበር ኋላ ቆማ መሣሪያውን በመዳፏ ጨበጠችው። ፉጨቱ ጀመረ። ሀኒ ደንግጣ ተነሣች። ምናሴ ዞረ። ወለተ ሩፋኤል አማተበች። አካሉ ብቻ ፊት ለፊቱን እያየ ተቀምጧል።

ሰብለ መሣሪያውን አጥፍታ ከፊቱ መጥታ ቆመች።

«አቶ አስናቀ የተገደሉት ሲታጠቡ ነው። ገዳዩ ኮት አልብሶ፣ መሣሪያውን ሰክቶ ደንገል ውስጥ ጣላቸው፤ ወንበዴ የገደላቸው እንዲመስል። ግን በግራ ጆሮ ሰካው። ሀኒ ዘወትር የምታየውን ጆሮ አትስትም። ወለተ ሩፋኤል በአንድ እጅ ሬሳ አትጎትትም። ምናሴ አሁን ፉጨቱን ሰምቶ ዞሯል፤ እሱ ቢሆን ያጠፋው ነበር። ገዳዩ ግን የሚያፏጨውን ጆሮ ታቅፎ ጎትቶ፣ ሰላም ነው ብሎ ሄደ። ወፍጮው ጆሮዎን ከበላው ቆይቷል፣ አቶ አካሉ። ያን ዕለት ደግሞ ወፍጮው ዝግ ነበር።»

አካሉ ሚስቱን አያት። እሷ ፊቷን አዞረች።

«ደጋግሜ ጠራሁት» አለ በመጨረሻ። «ሚስቴን ስጠኝ አልሁት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ይታጠባል። ናቀኝ። በዘነዘናው መታሁት። ሲወድቅም ደገምሁት።»

«መሣሪያውን የት አገኙት?» አለች ሀኒ። ድምፅዋ ስለወረደ ሰብለ ጥያቄውን ጮክ ብላ ደገመችለት።

«በርጩማው ላይ። ከፎጣው ጋር። ከልጅነታችን ጀምሮ የማይሰማው ግራው ስለሆነ እዚያ ሰካሁት።»

«ሲያዩት እንዳልሰማዎት አልገባዎትም?» አለችው ሰብለ።

አካሉ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ገባኝ» አለ። «ያን ጊዜ ገባኝ።» አንገቱን ደፋ።

ፖሊሱ ከኋላው መጥቶ «ተነሥ» አለው። አካሉ አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሱ «ተነሥ አልሁህ» ብሎ ዱላውን አነሣ።

ሰብለ የፖሊሱን ክንድ ያዘች። «አልሰማህም» አለችው። «ዞረህ ፊቱን እያየህ ንገረው።»