የማሙሽ ድንች

ሰውዬው ድንች የሚበላው በተገላቢጦሽ ነበር።

ሌላው ደንበኛ ሁሉ ከኦቨን የወጣው ትኩስ ድንች ከመሐል ተሰንጥቆ ሲቀርብለት፣ ነጩን ውስጡን በማንኪያ እየዛቀ ይበላና ቅርፊቱን ሳህኑ ላይ ትቶ ይሄዳል። እሱ ግን ውስጡን በጥንቃቄ ፍቆ ምሳ ዕቃ ውስጥ ይከታል፤ ክዳኑን ይገጥማል፤ ከዚያ ባዶውን ቅርፊት ጨው ነስንሶበት ኩርሽም ኩርሽም እያደረገ ይበላል። ሲጨርስ አመስግኖ ይወጣል። በማግስቱም ያው ነው።

ባለድንቿን ነገሩ ከነከናት። የሰፈሩ ሰው ስሟን ትቶ ባለድንቿ የሚላት፣ ጠባቧ ሱቋ ውስጥ ከአንድ ትልቅ ኦቨንና ከአራት ጠረጴዛ በቀር ሌላ ነገር ስለሌለ ነው። ድንች ትጋግራለች፤ በቃ። ሱቁ የአክስቷ ነው፤ ሙያውንም ያወረሰቻት አክስቷ ናት። ነገር የመጠየቅ አመሉ ግን የራሷ ነው። ልጅ ሆና «ውስጡ ያለው ሰውዬ የት ነው?» ብላ የቤቱን ሬዲዮ ፈታታ፣ መልሳ መግጠም ያቃታት ጉድ ናት።

ሰውዬው ቁልፍ ሠሪ ነው። ሱቁ ከእሷ ሱቅ ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ከመቀመጡ በፊት በብረት ብናኝ የጠቆሩ ጣቶቹን በሳሙና ፈትጎ እንደሚታጠብ ታውቃለች። ሲስቅ ዓይኑ ከአፉ እንደሚቀድም ታውቃለች። በስድስት ወር ውስጥ ያላወቀችው ያንን ምሳ ዕቃ ብቻ ነበር። አንድ ቀን አላስችል አላት።

«ይቅርታ ወንድሜ፤ ውስጡን ለማን ነው የምትወስደው?»

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ሳቀ። «ለማሙሽ ነው። ጥርስ የለውማ! ከአንቺ ድንች ሌላ በቅጡ የሚበላልኝ ነገር የለም።»

«አሃ» አለች። ጥርስ ያላወጣ ልጅ። ልጅ ካለ እናት አለች፤ እናትየዋ ደግሞ ሚስቱ ናት። እንደ ጨዋ ሰው አንድ ነገር ማለት ነበረባት።

«ያሳድግልህ።»

ቁልፍ ሠሪው ትን እስኪለው ሳቀ። «አሜን!» አለና ሳቁ ሳያልቅለት ምሳ ዕቃውን ይዞ ወጣ። ምኑ እንዳሳቀው አልገባትም፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ለማወቅ አልፈለገችም።

አክስቷ ሌላ ከተማ ሁለተኛ ሱቅ ልትከፍት ነው፤ ሄዳ እንድትመራላት ጠይቃታለች። መልሱን አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ደውላ ልትሰማ ተቀጣጥረዋል። ባለድንቿ እስካሁን «እስቲ ላስብበት» ስትል የከረመችው ቁልፍ ሠሪው ዘወትር በሚቀመጥበት፣ በመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ምክንያት ነበር። ባለትዳር ሰው እያዩ መክረም ደግሞ የት ያደርሳል? ሰኞ ዕለት ድንቹን ስታቀርብለት፣ «ከሚቀጥለው ሳምንት በኋላ እዚህ አታገኘኝም፤ ልሄድ ነው» አለችው።

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

«ማሙሽ ምን ሊበላ ነው ታዲያ?»

ስለ እሷ አንድ ቃል የለም! ብሽቅ አለች። «ራስህ ትጋግርለታለሃ። ና፣ ላሳይህ።»

ኦቨኑ ጋ ወሰደችው። «ድንቹን እጠበው፤ ግን በደንብ ደርቆ ይግባ። ሰባት ስምንት ቦታ በሹካ ውጋው። ዘይት ቀባው፤ ጨው እሸው። ፎይል የሚባል የአሉሚኒየም ወረቀት እንዳታስጠጋው፤ ከጠቀለልከው ቀቀልከው እንጂ አልጋገርከውም። የኦቨኑ ሽቦ መደርደሪያ ላይ ብቻውን አስቀምጠው። ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጨመቅ ስታደርገው እጅ ከሰጠህ ደርሷል።»

«ከዚያስ?»

«ዋናው ነገር ከዚያ ነው። እንዳወጣኸው ሰንጥቀው፤ እንፋሎቱ ይውጣ። ተዘግቶ ከቆየ ውስጡ ይረጥባል፤ ቅርፊቱም ይልፈሰፈሳል።»

የቁልፍ ቅርጽ በሚስልበት ወረቀት ጀርባ ላይ አንድ በአንድ ጻፈው።

ማክሰኞ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «አልሆነም። ቅርፊቱ እርጥብ ካልሲ መሰለ።»

«ፎይል ጠቀለልክበት!»

«ትንሽ።»

«ትንሽ መጠቅለል ደግሞ ምን ዓይነት ነው?» በሳቅ ሞተች። ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና አስረዳችው፤ እሱም እንዳዲስ ሰማት።

ረቡዕ «ውስጡ ጭቃ ሆነ» አላት። ከወጣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው አሉ የሰነጠቀው።

ሐሙስ «ፈነዳ» አለ።

«በሹካ ሳትወጋው?»

«ረሳሁት።»

ትክ ብላ አየችው። ይህ ሰው በጆሮው ብቻ እያዳመጠ ካዝና ይከፍታል እየተባለ ይወራለታል። ድንች እንዴት እንዲህ ይጫወትበታል? የሆነ ያልገጠመላት ነገር ነበር። ዘይት አቀባቡን ልታሳየው እጁን ይዛ ድንቹ ላይ አዞረችው። ኦቨኑ ብቻ ያጉረመርማል። እጇን ለመውሰድ አልቸኮለችም፤ እሱም አልቸኮለም። የማሙሽ እናት ትዝ ስትላት ግን እጇን መንጭቃ ወሰደች። «ነገ ለአክስቴ እሺ ልላት ነው» አለችው፣ ጀርባዋን ሰጥታ። ዞር ስትል ሄዷል።

አርብ የቁልፍ ሠሪው ሱቅ ሳይከፈት ረፈደ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው፣ ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ በምርኩዛቸው ቀስ እያሉ ገቡ። በሌላው እጃቸው ያንን ምሳ ዕቃ፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ ይዘውታል።

«ባለድንቿ አንቺ ነሽ፣ ልጄ?»

«አዎ አባባ፤ ይቀመጡ። ምሳ ዕቃው ግን የማሙሽ አይደለም እንዴ?»

«እኮ፤ የኔ ነው። ማሙሽ ነኝ።»

የያዘችው ሹካ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«እንግዲህ ሰባት እህቶች ነበሩኝ» አሉ ሽማግሌው፣ ፈገግ ሲሉ ድዳቸው እየታየ። «እኔ የመጨረሻ። ማሙሽ ሲሉኝ ኖረው ስሙ ተጣብቆብኝ ቀረ። ጡረታ የወጣሁ ዕለት እንኳ ኬኩ ላይ ማሙሽ ብለው ነው ያጻፉት። ይሄ ቁልፍ ሠሪ የእህቴ ልጅ ነው የሚጦረኝ፤ ሁለት ወንደላጤ ነን።»

ያሳድግልህ! ፊቷ እንደ ኦቨኑ ጋለ።

«ልጁን ምን አድርገሽው እንደሆነ ልጠይቅሽ ነው አመጣጤ» ቀጠሉ። «ሰኞ ድንች ጋገረ፤ ውስጡ ፍርክስክስ ያለ። ቅርፊቱን እኔ ባልችለው ድምፁን እሰማለሁ፤ እንዴት ይኮረሽማል! ማክሰኞም እንደዚያው፣ ረቡዕም እንደዚያው። ታዲያ ጠዋት ጠዋት ‹ጋሼ፣ ዛሬ ምን ሆነ ልበላት?› ይለኛል። ፈነዳ በላት ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ውሸት አለቀብኝ ብሎ ሱቁን ከውስጥ ዘግቶ ተቀምጧል። የኔም ውሸት ስላለቀ፣ እውነቱን ይዤልሽ መጣሁ።»

«ይሄ ዛሬ የጋገረው ነው» ብለው ምሳ ዕቃውን ገፋ አደረጉላት። ከኦቨን እንደወጣ የተሰነጠቀ ድንች ነው፤ ዱቄት መስሎ ፈርከስከስ ብሏል። ቅርፊቱን በጥፍሯ ነካ አደረገችው፤ ቀጭ አለ። እሷም ከዚህ የተሻለ ጋግራ አታውቅም።

ሽርጧን ሳትፈታ መንገዱን ተሻገረች። የብረት በሩን ደበደበችው።

«ዝግ ነው» አለ ከውስጥ።

«ክፈት! ተዘግቶ ከቆየ ይረጥባል!»

በሩ ተከፈተ። ፀጉሩ ተንጨባሯል።

«ማሙሽ አድጎ በእግሩ መጣ» አለችው።

ሊስቅ ቃጣውና ተወው። «ተሳካልኝ ካልኩሽ ትሄጃለሽ፤ አልሆነልኝም ካልኩሽ ታስተምሪኛለሽ ብዬ ነው። እወድሻለሁ ለማለት ስድስት ወር አቃተኝ። ፈነዳ ማለት ቀለለኝ።»

«እኔ ደግሞ ሚስትህን ስሸሽ ነው የከረምኩት።»

«የማንን ሚስት?»

«የማሙሽን እናት!»

በሩ ላይ እንደቆሙ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። እንባዋን በሽርጧ ስትጠርግ እጇን ያዘው፤ በዚህኛው ጊዜ አልመነጨቀችም። «እኔም እወድሃለሁ» አለችው። «ቅርፊት ስትበላ ካየሁህ ጀምሮ።»

ከማዶ ስልኳ ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ ሽማግሌው ስልኩን እንደያዙ በሱቁ በር ብቅ አሉ።

«ልጄ! አክስትሽ ናት! ምን ልበላት?»

«እውነቱን!» ብላ ጮኸች። «አልሄድም ይበሏት!»

ሽማግሌው ስልኩን ወደ ጆሯቸው መለሱ። «አትሄድም እመቤቴ። እኔ? እኔ ማሙሽ ነኝ። አዎ፣ ማሙሽ። ታሪኩ ረጅም ነው፤ ይቺ ድንቼ ሳትቀዘቅዝ ልብላና እነግርዎታለሁ።»