ናይሪን እንቅልፍ የነሳት ብርሃን

ፈጥሬ የማወራ የሚመስለው ሰው ማንበቡን እዚሁ ይተወው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

አደላይድ። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ውጭው እንደ ምድጃ ይፋጃል። መስኮት አልባው ቤተ ሙከራችን ግን ይበርዳል።

የምንሠራው በብርሃን የሚያስታውስ ዕቃ ነው። መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በብርሃን ስለሆነ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያስኬደውን ማሽናችንን እጅግ ያፈጥነዋል። ብርሃኑ ከጠፋ ግን የያዘው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ይህን የፈጠረችው ናይሪ ነበረች። ጓደኛዬ። በጋው ሳይገባ በመኪና አደጋ ሞተች።

አለቃችን ሃሚሽ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በየስብሰባው የተቀዳውን ድምፅዋን ሰብስቦ ለማሽኑ ሰጠው! ቤተሰቦቿን እንኳን ሳይጠይቅ። ማሽኑን ሊያዩ በሚመጡ እንግዶች ፊት ሊያስለፈልፋት!

"አታፍርም?" አልኩት። ደሜ ፈልቷል።

"ብሪዮኒ፣ ድራማሽን ተዪልኝ። ብትኖር ደስ ይላት ነበር።"

"ብትኖር በጥፊ ትልህ ነበር!"

ሳቀ። እንግዶቹ ሳይደርሱ ሊሞክራት ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አለ።

"ናይሪ፣ እስቲ እንግዶቻችንን ሰላም..."

"ሰላም።"

ሳይጨርስ መለሰች። የራሷ ድምፅ ነው። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ከዚያ... ትንፋሽ።

ማሽን ይተነፍሳል እንዴ?

"ብሪ..." አለች በሹክሹክታ።

እንዲህ የምትጠራኝ ብቻችንን ስንሆን ነበር። የትኛውም ቅጂ ላይ የለም።

"ብሪ... ብርሃኑ ዓይኔ ውስጥ ነው... መክደን አቃተኝ... ልተኛ..."

"ማ... ማስመሰል ነው" አለ ሃሚሽ። ከንፈሩ ግን ነጥቷል።

"አጥፋው!"

"አብደሻል? እንግዶቹ በር ላይ ናቸው!"

"አጥፉልኝ... አጥፉልኝ..." አለ የናይሪ ድምፅ።

ሃሚሽን ገፍትሬ ብርሃኑ የሚመጣበትን ገመድ ከነሥሩ መነጨቅኩት።

ጸጥ።

የክፍሉ መብራትም አብሮ ድርግም አለ።

"ደግ አደረግኩ!" ብዬ ጮህኩበት። ዛሬም አልጸጸትም።

በጨለማው ሃሚሽ ወደ እኔ ሲዞር ተሰማኝ። ሊሰድበኝ አፉን ከፈተ...

ድምፅ አልወጣም።

ከምላሱ ኋላ፣ ጉሮሮው ውስጥ፣ ያጠፋኋት የመሰለችኝ ብርሃን የመርፌ ጫፍ አክላ ትበራለች።

በሩ ተንኳኳ።

ሃሚሽ ንቅንቅ አላለም። ብርሃኗ ግን ቀስ... ቀስ እያለች ወደ ጥርሶቹ ትጠጋ ጀመር።