ከመደርደሪያው የወደቀው ሽልማት

ዳይሬክተሩ ሞቶ የተገኘው ፊልም በሚያቀናብርበት ክፍል ወለል ላይ ነው። ከጎኑ ወንበር ተገልብጧል፤ ውጭ አገር የተሸለመው የነሐስ ሐውልትም ደም ነክቶት ወድቋል። «ሽልማቱን ከመደርደሪያው ሊያወርድ ወንበር ላይ ወጥቶ ተንሸራተተ» አሉ ያዩት ሁሉ።

መርማሪዋ ግን አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ ቆየች። የጆሮ ማዳመጫው ሟቹ አንገት ላይ ነው፤ አጭር ገመዱም ከኮምፒውተሩ ጋር እንደተሰካ አለ።

መጀመሪያ ፕሮዲዩሰሩን አነጋገረችው።

«ያ ፊልም ፈረንጁን ሁሉ ያስለቀሰ ነው» አላት። «ጎጆ፣ አቧራ፣ አንዲት ቃል የማትተነፍስ እናት! እሱ ግን ‹እናቴን ያልሆነችውን አድርጌ አሳየኋት› ብሎ እንደገና ሊያቀናብረው ተነሳ።»

«ተጣላችሁ?»

«ተኳረፍን እንጂ። አዲሱን አላየሁትም፤ ለማንም አያሳይም ነበር።»

እናቲቱን ሆና የተጫወተችው ተዋናይ በየአገሩ ቆመው ያጨበጨቡላት ናት። ቤቷ ግድግዳው በሙሉ የራሷ ፖስተር ነው፤ ደጇን የሚያንኳኳ ግን የለም።

«ከፊልሙ ሊያወጣሽ ነበር?»

«እኔ እንጃ። ከተያየን ሰንብተናል።» ወዲያው ምርር አላት። «ለመሆኑ አንዲት አሮጊት ፎቅ ቤት ውስጥ እየሳቀች ልብስ ስትተኩስ ማን ፈረንጅ ቁጭ ብሎ ያያል?»

የሟቹ እናት የሚኖሩት ፎቅ ላይ፣ ብቻቸውን ነው።

«ፊልሙ ከወጣ ወዲህ ጎረቤቶቼ ‹ልጅሽ አዋረደን› ብለው ደጄን አይረግጡም» አሉ። «በሞተበት ቀን ጠዋት መጣ። ‹እማ፣ እንደወትሮሽ ሁኚ› ብሎ በስልኩ ቀረጸኝ። ልብስ እየተኮስኩ ነበር፤ ሳቄ መጣ። ከሰው ጋር ከሳቅኩ እኮ ቆይቻለሁ!»

«ይህን ለሌላ ሰው ነግረዋል?»

«ለማን ልንገር ልጄ?»

በማግስቱ መርማሪዋ ሦስቱንም ፊልም ማቀናበሪያው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የማዳመጫውን ገመድ እዩት፤ መደርደሪያው ጋ አይደርስም» አለች። «ወንበር ላይ ወጥቶ ቢሆን ይነቀል ነበር። ስለዚህ ወንበሩን የገለበጠው ሌላ ሰው ነው። ማዳመጫውን ከጆሮው ያወረደው ደግሞ የሚያናግረው ሰው ስለመጣ ነው። የመጣው ሰው ስክሪኑ ላይ ያለውን የእናቱን ምስል አየ። ያ ምስል የተቀረጸው በዚያው ቀን ጠዋት ነው፤ እናቱም ለማንም አልተናገሩም። ልብስ ሲተኩሱ እንደሳቁ የሚያውቅ፣ ያኔ እዚህ የነበረ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ተዋናይቷ ዞረች። «ይህን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ተዋናይቷ ልትክድ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት።

«‹እውነተኛዋ ይቺ ናት› አለኝ። እኔስ? ከዚያ ፊልም ሌላ ማን ያውቀኛል? ሐውልቱን ያነሳሁት እንኳን አልታወቀኝም...»

እናትየው ተነሱ። ይረግሟታል ብለው ሁሉም ጠበቁ።

«አንቺንም እንደኔው አፍሽን ዘግተው አሳዩሽ» አሏት ቀስ ብለው። «የልጄን ደም ግን ምን ብዬ ይቅር ልበልሽ?»

ፖሊሶች ተዋናይቷን ከወሰዷት በኋላ መርማሪዋ እናትየውን ቤታቸው ሸኘቻቸው። ኮሪደሩ ላይ በሮች ገርበብ እያሉ ተመልሰው ተዘጉ። እናትየው ቁልፉን ከተው ሳያዞሩት ቆሙ።

«ቤት የሚጠብቅሽ ሰው አለ?»

«የለም» አለች መርማሪዋ።

«እንግዲያው ግቢ።»

ገባች። መብራት ሳያበሩ፣ እስኪመሽ ድረስ ጎን ለጎን ተቀመጡ።